«ቦርዱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ዶላር ሲወደድ የተበላሸ ዕቃም ዋጋ ያወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደመሆኑ፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ ዙሪያ ቢሮ ላለው አስመጪ፣ ደላላና የሒሳብ ሠራተኛ «ቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚለው ቃል ከባድ ወጪ ነው። ይሁንና ሞቷል የተባለ ሁሉ የሞተ አይደለም።

ምልክቱ

ላፕቶፑ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ይቀራል። ከዚህ አንዱ ምክንያት የባዮስ መበላሸት ነው። ባዮስ ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚያነበው መመሪያ ሲሆን፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተሰካ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 8 እግር በሆነ ትንሽ ቺፕ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ባዮሱ እየታደሰ ሳለ መብራት ቢጠፋ ጽሑፉ በግማሽ ይቀራል፤ ማሽኑም መነሻውን ያጣል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. «ቸርኖቤል» የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የባዮስ ቺፖችን ጽሑፍ እያጠፋ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጎ ነበር። ቺፑ አልተቃጠለም፤ የጠፋው በላዩ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ እንደገና ይጻፋል።

አሠራሩ

ጠንቃቃ ባለሙያ በቀላሉ ይጀምራል። ራሙን ነቅሎ ይመልሳል፤ ሌላ ስክሪን ሰክቶ ያያል። አንዳንድ ላፕቶፖች የራሳቸው ማገገሚያ አላቸው፤ ለምሳሌ በብዙ ኤችፒ ማሽኖች የዊንዶውስና የ«ቢ» ቁልፎች በአንድነት ተይዘው ማብሪያው ይጫናል። ይህ ካልሠራ ማሽኑ ይከፈታል።

ቻርጀሩ፣ ዋናው ባትሪና ትንሿ የሰዓት ባትሪ ይነቀላሉ። በቺፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ በ3.3 ቮልት፣ አንዳንዱ በ1.8 ቮልት የሚሠራ ነው። ለባለ 1.8 ቺፕ 3.3 መስጠት ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያም እንደ ሲኤች341ኤ ያለ አነስተኛ ፕሮግራመር በመቆንጠጫ ከቺፑ ጋር ይገናኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ በጥድፊያ የሚዘለለው ነው። ከመደምሰስ በፊት በቺፑ ላይ ያለው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተነብቦ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ንባቦች አንድ ካልሆኑ መቆንጠጫው በደንብ አልያዘም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ይደመሰሳል፣ ይጻፋል፣ የተጻፈውም ከፋይሉ ጋር ይመሳከራል።

አሮጌው ቅጂ ለምን?

ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የቺፑ ሙሉ ቅጂ አይደለም። የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ በብዙ ማሽኖችም የዊንዶውስ ፈቃድ፣ እዚያው ቺፕ ላይ ናቸው። ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የተቀዳ ፋይል እንዲሁ ቢጫንበት፣ ማሽኑ የሌላውን መለያ ይዞ ይነሣል። የድርጅት ንብረት ከሆነ ከግዥ ደረሰኙና ከዋስትናው ጋር አይገጥምም። አሮጌው ቅጂ ካለ ግን ባለሙያው እነዚህን መረጃዎች አውጥቶ በአዲሱ ውስጥ ይመልሳቸዋል።

የፒችትሪ ሒሳቡስ? እሱ የሚገኘው ሌላ ቦታ፣ ዲስኩ ላይ ነው፤ ባዮስ መጻፍ አይነካውም። አንድ አደጋ ግን አለ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ ባዮሱ ሲለወጥ ማሽኑ ባለ 48 አኃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ላፕቶፑ ድኖ ሒሳቡ ይቀራል። ቁልፉን አስቀድሞ ጽፎ ከላፕቶፑ ውጭ ማስቀመጥ ወጪ የለውም።

ደንበኛው ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ አሮጌው ቅጂ ተወስዷል ወይ? በፍላሽ ዲስክ ይስጡኝ ማለት መብት ነው። ሁለተኛ፣ የሚጫነው ፋይል ከየት መጣ? ሦስተኛ፣ ከጥገናው በኋላ በስክሪኑ የሚታየው መለያ ቁጥር ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? አራተኛ፣ ስም፣ ስልክና መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ አለ ወይ? በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ክፍል በኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ነጋዴው ወደየአቅጣጫው ተዛውሯል። «የድሮው ሱቅ ጋ» ብቻ ብሎ ዕቃ መተው ዛሬ አያዋጣም።

በመጨረሻም መጠን ማወቅ ያሻል። ውኃ የገባበትን ወይም የኃይል መስመሩ የተቃጠለውን ቦርድ ባዮስ መጻፍ አያድነውም። ስለዚህ የምርመራውን ዋጋ ከጥገናው ለይቶ መስማማት፣ ክፍያውንም ማሽኑ ተነሥቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና ሲነሣ ካዩ በኋላ መፈጸም ይበጃል።