ጥርስ በመመታት ከሥፍራው ሲለቅ ስለሚነገሩ ቃላት

በቋራ ወረዳ፣ በገለጉና በአካባቢዋ ባለ ትምህርት ቤት ልጅ ከዛፍ ወድቆ የፊት ጥርሱ ቢጐዳ፣ መምህሩም ለጤና ጣቢያው «ጥርሱ ወለቀ» ብሎ ቢጽፍ፣ ነገሩ ገና አልተገለጸም። ቃሉ ሁለት ምሥጢር አለውና። እጅ ወለቀ ሲባል አጥንቱ ከመጋጠሚያው ለቀቀ ማለት ነው እንጂ ከገላው አልተለየም፤ ቀለበት ወለቀ ሲባል ግን ፈጽሞ ወጥቷል። ሕክምናው ደግሞ ለየጉዳቱ ልዩ ልዩ ነው።

ስለዚህ ሥፍራውን ሳይለቅ በጣት ሲነኩት የሚወዛወዘው «የተነቃነቀ»፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ከጓደኞቹ የረዘመው «የተሳበ»፣ ወደ ምላስ ወይም ወደ ከንፈር ያጋደለው «የዘመመ»፣ ወደ ድዱ የገባው «የጠለቀ»፣ ፈጽሞ የወጣው ብቻ «የወለቀ» ይባል። ገጣጣ የሚለው ስም ለዚህ አይሆንም፤ የአበቃቀል እንጂ የመመታት ስም አይደለምና።

ከሁሉ የሚያታልለው የጠለቀው ነው። ሥፍራው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ሰዎች በመሬት ሲፈልጉት፣ እርሱ በአጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። እንግዲህ በዓይን ያልታየ ጥርስ «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ወለቀ» አይባል። ወደ ሳንባም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በራጅ ይመረምረዋል።

የወለቀውም ቢሆን ገና አልጠፋም። የፊት ቋሚ ጥርስ በ7 ዓመት ገደማ ይበቅላል፤ እንዲህ ያለው ሲወልቅ ሥሩን ሳይነኩ በነጩ ራሱ ይዞ፣ ቢቈሽሽ ሳይፈትጉ በወተት አለቅልቆ፣ ወዲያው ወደ ጉድጓዱ መመለስና ልጁን ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ ይገባል። ይህ ባይቻል ጥርሱ በወተት ውስጥ ይቀመጥ፤ በቈላው አገር ላም ከጥርስ ሐኪም ይልቅ ትቀርባለች። በሥሩ ላይ ያለው ሕያው ሥጋ በደረቅ ከቆየ በ60 ደቂቃ ውስጥ ይሞታል፤ የጎንደር መንገድ ግን ከዚህ እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በመምህሩ እጅ ነው።

የወለቀ ጥርስን ጣራ ላይ የመወርወር ልማድ ለወተት ጥርስ ብቻ ይቅር። የወተት ጥርስ ከታች የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ እንዳይጐዳ ወደ ሥፍራው አይመለስም። ለቋሚው ግን ልማዱ ጥርሱን መጣል ነው።

በደብዳቤው የጉዳቱ ስም፣ የወደቀበት ሰዓት፣ ጥርሱ በምን ውስጥ እንደ ተቀመጠና ልጁ የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት መውሰዱ ይጻፍ።