ያልተደረሰበት ማን ነው?

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው፣ በሰዎች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት አገሮች በኅብረት እንዴት እንደሚከታተሉና የእኛም ድርሻ ምን እንደ ሆነ ነው። ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች አብረው ቢያነቡት መልካም ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሐሳቡ ከየት መጣ?

በሴፕቴምበር 1978 የ134 መንግሥታትና የ67 ድርጅቶች ልዑካን፣ በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ በነበረችው በአልማ አታ ከተማ ተሰበሰቡ። በአገሮች መካከልም ሆነ በአንድ አገር ሕዝብ መካከል ያለው ሰፊ የጤና ልዩነት ሊታገሡት የማይገባ መሆኑን አስታወቁ። ለዚህ ጉባኤ መንገድ ከጠረጉት አንዱ፣ በ1968 የተቋቋመው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የሕክምና ኮሚሽን ነበር። ኮሚሽኑ የሚስዮን ሕክምናን ሲመረምር፣ አብዛኛው ገንዘብ በሆስፒታሎች ላይ እንደሚውልና የሩቅ መንደር ሕዝብ ሳይደረስበት እንደሚቀር ተገነዘበ።

2. መቁጠር ለምን ያስፈልጋል?

እረኛ ማታ መንጋውን ሲያስገባ ይቆጥራል። ብዙው ገብቷል ብሎ በረቱን አይዘጋም፤ የጎደለውን የሚያውቀው በመቁጠር ነውና። በጤናም እንዲሁ ነው። ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ከ90 በሚበልጡ አገሮች የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ተካሂዷል። ጠያቂዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፣ እናቶችን ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ በሕይወት ስላሉና ስለ ሞቱ ልጆቻቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ በየአገሩ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

የቤተ ሰቡን ኑሮ ለመለካት የገቢውን መጠን አይጠይቁም። የቤቱ ወለል ከምን እንደ ተሠራ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሬዲዮና ከብት መኖሩን ይመዘግባሉ። ከዚያም ሕዝቡን ከድኻው እስከ ባለጸጋው በአምስት እኩል ክፍል መድበው፣ አገልግሎቱ ለየትኛው እንዳልደረሰ ያያሉ።

3. የአገራችን ምሳሌ

ይህ ጥናት በኢትዮጵያ በ2000፣ በ2005፣ በ2011ና በ2016 ተካሂዷል። በ2000 ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። በሠለጠነ የጤና ባለሙያ ርዳታ የሚወልዱ እናቶችም ከመቶ 6 ተነሥተው ከመቶ 28 ደረሱ።

ይሁን እንጂ ይህ 28 የሚለው ቁጥር አማካይ ነው። በከተማ ከመቶ 80 ሲሆን፣ በገጠር ግን ከመቶ 21 ብቻ ነበር። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ቀበሌዎች መላኩ ብዙ ረድቷል። ነገር ግን ምጧ ለጠናባት እናት መንገድ፣ መጓጓዣ፣ አዋላጅ ነርስና ደም ያስፈልጋታል፤ እነዚህም ይበልጥ የሚጎድሉት በሩቅ መንደር ነው።

4. ኅብረቱ ሲላላ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ያቋቋመውና ሰር ማይክል ማርሞት የመሩት ኮሚሽን በ2008 ሦስት ምክር ሰጠ፤ ይኸውም የሰዎች የዕለት ኑሮ እንዲሻሻል፣ የሥልጣንና የሀብት ክፍፍል እንዲስተካከል፣ ልዩነቱም ዘወትር እንዲለካ ነው። በ2025 መጀመሪያ ግን የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ከላይ ያነሣነው ጥናት ተስተጓጎለ። ቆጠራው ቢቆም ልዩነቱ አይቆምም፤ ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በሪፖርታችን «ብዙ እናቶችን ረዳን» ማለት አይበቃም። ከየትኛው መንደር እንደ መጡ፣ ስንት ሰዓት በእግር እንደ ተጓዙ እንመዝግብ፤ መዝገባችንንም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጋር እናስተያይ። ደጋፊዎቻችንም የተረዱትን ብዛት ብቻ ሳይሆን ያልተደረሰባቸውን ደግሞ እንድትጠይቁን እንለምናለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችሁ ከጤና ኬላ እጅግ የሚርቀው መንደር የትኛው ነው? ከዚያ የመጣ ሰው በመዝገባችሁ አለ?

ለ. አካል ጉዳተኞችና ረዳት የሌላቸው መበለቶች አገልግሎቱን እንዳያገኙ የሚከለክላቸው ምንድን ነው?

ሐ. በሚመጣው ወር አንዱን መሰናክል ለማስወገድ ማኅበራችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?