ለቆቦ የሚሆን የድረ ገጽ ማውጫ እንዴት ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ በቆቦ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ጠቃሚ ድረ ገጾች ለተማሪዎቼና ለገበሬ ወላጆቻቸው በአንድ ማውጫ ልሰበስብ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሰዉ ጥያቄ ይጀምሩ። የአካባቢዎ የራያ ቆላ ገበሬ የሚጨነቀው ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላው የአቀንጭራ አረምና ስለ አንበጣ ነው፤ ማውጫዎም በእነዚሁ ይከፋፈል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ የራያ ቆቦን ሰብል ሲያወድም፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ‹ሎከስት ዎች› ገጽ የመንጋውን እንቅስቃሴ በካርታ ያሳይ ነበር። ‹ቺርፕስ› የተባለው መረጃ ደግሞ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን የዝናብ ግምት ይዟል። ከእርሻ ውጭ፣ ለታሪክ ተማሪዎች በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን ምስል በነጻ ያስነብባል።

ከእያንዳንዱ አድራሻ ሥር አምስት ነገር ይጻፉ፦ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፣ ቋንቋውን፣ ክፍያ መጠየቅ አለመጠየቁን፣ በደካማ ኔትወርክ በስልክ መከፈት አለመከፈቱን፣ መጨረሻ የፈተሹበትን ቀን። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ አጭር የአማርኛ ማብራሪያ ያክሉ። ከገጾቹ ያገኙትን የእርሻ ምክር ለወላጆች ከማካፈልዎ በፊት ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

ሃያ የተፈተሹ ገጾች ካልተፈተሹ ሁለት መቶ ይበልጣሉ። በየሴሚስተሩ መልሰው ይክፈቷቸው። ስለ ረሃብ ስጋት የሚያስጠነቅቀው ‹ፊውስ ኔት› እንኳ በ2025 እ.ኤ.አ. ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ዋና ዋናውን አትመው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ፤ ኔትወርክ የሌለው ሰውም የመጠቀም መብት አለው።