የሰዓት መለኪያና የአጨዋወት ፍጥነት፦ የግሌን ጉልድ ሁለቱ የ«ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ቀረጻዎች

ካናዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ የዮሃን ሰባስቲያን ባኽን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ለኮሎምቢያ ኩባንያ በስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀርጿል፤ በመጀመሪያ በጁን 1955፣ ኋላም በኤፕሪልና በሜይ 1981 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለቱም ቀረጻዎች የተከናወኑት በኒውዮርክ 30ኛ ጎዳና በነበረው የኩባንያው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይወስዳል። ሁለተኛው ለገበያ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1982፣ ጉልድ በ50 ዓመቱ በማረፉ የሁለቱን ልዩነት እንደ ሕይወት ታሪክ መተርጎም ተለምዷል፦ በ22 ዓመቱ የሚጣደፍ ወጣት፣ በመጨረሻው ዘመኑ ደግሞ የሰከነ ሰው። ትርጓሜው ልብ ይነካል። ሆኖም የሚቆመው በጠቅላላው ርዝመት ላይ ብቻ ስለሆነ ቀረጻዎቹ ክፍል በክፍል ሲመረመሩ አብዛኛው መሠረቱ ይናዳል።

በ1741 ኑረምበርግ ላይ የታተመው ይህ ድርሰት ባለ ሁለት ገበታ ሀርፕሲኮርድን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው። በአሪያ ይከፈታል፤ 30 ቫሪየሽኖች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም አሪያው ይመለሳል። ቫሪየሽኖቹን የሚያስተሳስራቸው የአሪያው ዜማ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የባስ መስመር ነው። ለዚህ ጥናት ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው፦ ክፍሎቹ በሁለት አጋማሽ የተከፈሉ ሲሆኑ አቀናባሪው እያንዳንዱ አጋማሽ እንዲደገም ምልክት አኑሯል። ምልክቱን ሙሉ በሙሉ የሚያከብር ተጫዋች ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጉልድ በ1955 አንዱንም አልደገመም። በ1981 ግን በ13 ቫሪየሽኖች የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ደገመ፤ እነዚህም ዘጠኙ ካነኖች እንዲሁም 4ኛው፣ 10ኛው፣ 22ኛውና 30ኛው ናቸው። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። የተደገሙት ድምፆች እርስ በርስ የሚከታተሉባቸው፣ ሰሚው የአንዱን ድምፅ መንገድ ለመለየት ሁለተኛ ዕድል የሚያሻው ክፍሎች ናቸው።

ድግሙ በሰዓት ላይ የሚያስከትለውን ለመረዳት 9ኛው ቫሪየሽን ይበቃል። በ1955 ወደ 38 ሰከንድ፣ በ1981 ወደ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው በእጅጉ ዘገየ ይላል። ነገር ግን በፊተኛው የተጫወቱት አጋማሾች ሁለት፣ በኋለኛው ሦስት ናቸው። ሲካፈል ለአንድ አጋማሽ በሁለቱም ዘመን 19 ወይም 20 ሰከንድ ይደርሳል፤ ፍጥነቱ አልተለወጠም ማለት ነው። በ13ቱም ላይ ተመሳሳይ ስሌት ሲሠራ ከተጨመረው 12 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋው የድግም ድርሻ ሆኖ ይገኛል። ከግማሽ የሚበልጠው «መዘግየት» መዘግየት አይደለም።

የቀረው እውነተኛ የፍጥነት ለውጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን እኩል አልተዳረሰም። የመክፈቻው አሪያ ከሁለት ደቂቃ በታች ከነበረበት ወደ ሦስት ደቂቃ ገደማ ረዝሟል። በማይነር ቁልፍ የተጻፈው 15ኛው ቫሪየሽን፣ ድግሙ ከተቀነሰለት በኋላም፣ የቀድሞውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይወስዳል። በአንጻሩ እጆች የሚጠላለፉበት 5ኛው በሁለቱም ቀረጻዎች 37 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 26ኛውም ከሞላ ጎደል እንደነበረ ቆይቷል። የ48 ዓመቱ ጉልድ ጣቶች ከ22 ዓመቱ ጉልድ ጣቶች የሚያንሱበት ነገር የለም።

ልማዳዊውን ትርጓሜ ይበልጥ የሚፈታተነው 25ኛው ቫሪየሽን ነው። ይህ ረጅምና ሐዘንተኛ አዳጂዮ የሥራው የስሜት ጫፍ ተደርጎ ይቆጠራል። የሰከነው ጉልድ ሊቆይበት የሚገባ ቦታ ቢኖር ይህ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፦ በ1955 ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ በ1981 ደግሞ ስድስት ደቂቃ ብቻ። ምክንያቱን ጉልድ ራሱ በ1982 ከሃያሲው ቲም ፔጅ ጋር ባደረገው የተቀረጸ ውይይት አመላክቷል። በወጣትነቱ የተጫወተው 25ኛ ቫሪየሽን የሾፐን ኖክተርን ይመስላል ሲል ነቅፎታል፤ ሥራው በሙሉ በአንድ መሠረታዊ ምት መያዝ እንዳለበትም አስረድቷል። በሁለተኛው ቀረጻ ከአንድ ቫሪየሽን ወደ ሌላው ሲታለፍ ምቱ ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ ወይም በቀላል ስሌት ይካፈላል፣ ይባዛል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ አንድ ክፍል ስሜቱ ስለከበደ ብቻ እንደ ልቡ አይንቀራፈፍም። ስለዚህ ሁለቱን ቀረጻዎች የሚለያቸው የእርጋታ መጠን ሳይሆን የምጣኔ አስተሳሰብ ነው ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ 1955ቱ እያንዳንዱን ቫሪየሽን በራሱ ጠባይ ይጫወታል፣ 1981ዱ ለጎረቤቱ እያሰበ ይጫወታል።

የድምፅ ልዩነቱም ለጥንቃቄ ይጋብዛል። ጉልድ በ1955 ስታይንዌይ፣ በ1981 ያማሃ ፒያኖ ተጠቅሟል። የኋለኛው በመጀመሪያ የወጣው በዲጂታል ቅጂ ሲሆን በ2002 ለወጣው እትም ጎን ለጎን የተቀዳው የአናሎግ ቴፕ ጥቅም ላይ ውሏል። ስለ አመታት ዘይቤ የሚጽፍ ተመራማሪ የትኛውን ቅጂ እንዳዳመጠ ካልገለጸ የተጫዋቹን ጠባይ ከመሣሪያውና ከቴፑ ጠባይ መለየት አይቻልም።

የአሪያው መመለስ እስከ አሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። ማስታወሻዎቹ ከመክፈቻው ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ በ1981 የመዝጊያው አሪያ ከመክፈቻው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ይህንን የስንብት ምልክት አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። በ1955 ቀረጻም ግን፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ሲመለስ ከመክፈቻው በአሥር ሰከንዶች ያህል ዘግይቷል።