ኮምፒዩተር ፍላሽን አላነብም ሲል ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

በቀድሞው ጊዜ የነጋዴ ሒሳብና ምስጢር ይጠበቅ የነበረው በመዝገብና በካዝና ነበር። ዛሬ ግን የዋጋ ማቅረቢያው፣ ኢንቮይሱ፣ የዕቃው ዝርዝርና የወሩ ሒሳብ ሁሉ ከጣት በማይበልጥ ፍላሽ ተጠቃልሎ ከጽሕፈት ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያም ወደ ትራንዚተርና ወደ ባንክ በኪስ ይዘዋወራል። ይህ ለሥራ መፋጠን እጅግ የጠቀመ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ፍላሹ አንድ ቀን በኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ «ዲስኩን ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት ሊደረግ ይገባል» የሚል ቃል የመጣ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰው ደንግጦ እሺ ይላል፤ በዚያች አንዲት ጭነትም ሊድን የሚችለውን ሰነድ በገዛ እጁ ያጠፋል።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት አንድ ምሳሌ መመልከት ይበቃል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሸጥ ቡና ላኪ ገንዘቡን የሚያገኘው ሰነዱን በጊዜው ለባንክ ሲያቀርብ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው ደንብ፣ ዋናው የማጓጓዣ ሰነድ ያለበት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከ21 ቀን ሳይበልጥና የክሬዲቱ ጊዜ ሳያልፍ እንዲቀርብ ያዛል። እንግዲህ የኢንቮይሱና የዕቃው ዝርዝር ጽሑፍ በፍላሽ ብቻ ተቀምጦ ቢቆይና በ19ኛው ቀን ፍላሹ አልነበብ ቢል፣ የአንድ ሙሉ ጭነት ክፍያ በዚያች ትንሽ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው።

ፍላሽ ምንድን ነው?

ፍላሽ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በውስጡ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው መረጃው በኤሌክትሪክ ሙላት የሚቀመጥበት ቺፕ ነው፤ ሁለተኛው ቺፑን ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚያገናኘው ተቆጣጣሪ ነው። ከዚህም ሌላ የትኛው ፋይል በየትኛው ስፍራ እንዳለ የሚያመለክት ማውጫ ተጽፎበታል፤ ይኸውም ለመጋዘን የዕቃ መዝገብ እንደ ማለት ነው። ይህ መዝገብ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ በስፍራው አለ። መዝገቡ ጠፋ ብሎ መጋዘኑን የሚያቃጥል ነጋዴ የለም፤ ሰነዱን ሳያወጡ ፎርማት ማድረግ ግን ከዚህ የተለየ አይደለም።

1ኛ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መለየት

አስቀድሞ ፍላሹን ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ መሰካት ይገባል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ፣ በስተኋላ ያለው ቀዳዳ ከዋናው ቦርድ ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ስለ ሆነ ይመረጣል፤ የማራዘሚያ ገመድና ማከፋፈያ ግን ይወገዱ። የፍላሹ ብረት ተጣምሞ ወይም በአቧራ ተሞልቶ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ይኸው ፍላሽ በሌላ ኮምፒዩተር፣ ሌላ ጤነኛ ፍላሽ ደግሞ በዚሁ ኮምፒዩተር ይሞከር። ፍላሹ በሌላው ላይ የሚነበብ ከሆነ ጉድለቱ የኮምፒዩተሩ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ለጥንቃቄ ሲሉ ኮምፒዩተሮቻቸው ፍላሽ እንዳይቀበሉ ስለሚዘጉ፣ በዚያ አልተነበበም ተብሎ ፍላሹ እንደ ተበላሸ ሊቈጠር አይገባም።

2ኛ፤ ምልክቱን ማንበብ

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የ«ኤክስ»ን ቁልፍ በአንድነት ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለው ይመረጣል። በዚያ ላይ የፍላሹ ሁኔታ በአራት ዐይነት ይታያል።

ሀ. መጠኑ በትክክል ታይቶ መለያ ፊደል ብቻ የጐደለው ከሆነ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሌላ ዲስክ ያልያዘውን ፊደል ቢሰጡት ይከፈታል።

ለ. መጠኑ ትክክል ሆኖ «ሮው» የሚል ቃል ያለበት ከሆነ፣ ማውጫው ተበላሽቷል፤ ወይም ፍላሹ የተዘጋጀው ዊንዶውስ በማያውቀው ሥርዐት ነው። ከውጭ አገር ደንበኛ የመጣ፣ በአፕል ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ፍላሽ ፍጹም ጤነኛ ሳለ ዊንዶውስ ፎርማት ይደረግ ሊል ይችላል። ስለዚህ የላከውን ሰው መጠየቅ ወይም በአፕል ኮምፒዩተር መሞከር ይቀድማል።

ሐ. «ኖ ሚዲያ» የሚል ወይም ምንም መጠን የማያሳይ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ከቺፑ ጋራ መገናኘት አልቻለም። ይህን በፕሮግራም ማዳን አይቻልም።

መ. በየትም ኮምፒዩተር ላይ ምንም የማይታይ ከሆነ፣ ብረቱ ከቦርዱ ተላቅቋል ወይም ውስጡ ተቃጥሏል። በውስጡ ያለው ሰነድ ዋጋ ያለው ከሆነ ሳይነካኩ ለባለሙያ መስጠት ነው።

3ኛ፤ ሰነዱ በቫይረስ የተሰወረ እንደ ሆነ

ፍላሹ ተከፍቶ ባዶ ቢመስል፣ ዳሩ ግን የተያዘው ቦታ ብዙ ቢሆን፣ ወይም በፎልደሮቹ ፈንታ ትንንሽ አቋራጮች ቢታዩ፣ ይህ ብዙ ጊዜ የቫይረስ ሥራ ነው። ፍላሽ በብዙ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሰካ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይሰውርና በስማቸው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ አቋራጩን የሚከፍት ሰው ቫይረሱን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል። ስለዚህ አቋራጩን ሳይከፍቱ በታደሰ የቫይረስ መከላከያ ፍላሹን ማስፈተሽ፣ ከዚያም የተሰወሩ ፋይሎችንና የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ዊንዶውስን ማዘዝና የተገኘውን ሰነድ ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ይገባል።

4ኛ፤ ማዳን ይቀድማል፤ መጠገን ይከተላል

ፍላሹ አንድ ጊዜ ተነቦ አንድ ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ፣ በተነበበበት ቅጽበት እጅግ አስፈላጊው ሰነድ በመጀመሪያ ይገልበጥ። በላዩ ምንም አዲስ ነገር አይጻፍበት። ማውጫው የተበላሸ ከሆነ፣ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የተባሉት ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች የጠፋውን ክፍል ወይም ፋይል ፈልገው ለማውጣት ይረዳሉ። ፎቶሬክ ፋይሉን በስሙ ስለማያወጣው እያንዳንዱን ከፍቶ መለየት ያስፈልጋል። የሚወጣው ሰነድ ሁልጊዜ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ በዚያው ፍላሽ ላይ ቢቀመጥ ገና ያልወጣውን ይደመስሳልና።

«ቼክ ዲስክ» የተባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ማውጫውን ያስተካክላል፤ ይሁን እንጂ ሲያስተካክል ፋይሎችን ሊቈራርጥ ስለሚችል ከማዳን በፊት አይታዘዝ። ፎርማትም እንዲሁ ነው። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ስለሚያድስ ከዚያ በኋላም መጠነኛ ተስፋ አለ። ሙሉው ፎርማት ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በዲስኩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚድን ሰነድ የለም።

5ኛ፤ በሽታ ሳይሆን በሽታ የሚመስል፣ በሽታ ሆኖም የማይታይ

ፍላሹ ቦታ እያለው አንድ ትልቅ ፋይል አልቀበልም ቢል አልተበላሸም። ፋት 32 በተባለው ሥርዐት የተዘጋጀ ፍላሽ አንድን ፋይል 4 ጊጋባይት ሳይሞላ ካልሆነ አይቀበልም። ሰነዱን አስቀድሞ አውጥቶ ኤክስፋት በተባለው ሥርዐት ቢያዘጋጁት ችግሩ ይወገዳል።

ከዚህ የከፋው የሐሰት መጠን ነው። በላዩ 1 ቴራባይት ተብሎ የተጻፈበትና ኮምፒዩተሩም እንዲሁ የሚያሳየው ፍላሽ፣ እውነተኛ ይዞታው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ውሸት እንዲናገር ተደርጓልና። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ቀጥሎ የሚገለበጠው ፋይል በስሙ ይታያል፤ ነገር ግን አይከፈትም። «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» የተባለው ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣል፤ ፍተሻው መደረግ ያለበትም ፍላሹ ገና ባዶ ሳለ ነው። ፍላሽ የሚያስመጣ ነጋዴና የሚቸረችር ባለሱቅ ከየካርቶኑ ጥቂቱን እንዲህ ቢፈትኑ ከደንበኛ ወቀሳ ይድናሉ። ሚዛኑን ሳይመረምር የሚሸጥ ሰው፣ ሳያውቅም ቢሆን ጐደሎ መሸጡ አይቀርም።

መደምደሚያ

ፍላሽ የመልእክተኛ በቅሎ ነው እንጂ ጐተራ አይደለም። በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት በዓመታት ብዛት እየሳሳ ይሄዳል፤ የሚጻፍበትም ጊዜ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የሰነዱ ዋና ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በሌላ ዲስክ ከሌላ ቤት ይቀመጥ፤ በፍላሹ የሚሄደው ሦስተኛው ብቻ ይሁን። ሲነቀልም መጻፉን ማብቃቱን አረጋግጦ፣ «ኢጀክት» የሚለውን አዝዞ ነው። የፍላሹ መክሸፍ ቀኑ አይታወቅም፤ ሌላ ቅጂ ያለው ነጋዴ ግን በዚያ ቀን የሚያጣው የፍላሹን ዋጋ ብቻ ነው።