ሕግና መብት በምክር ቤት ፊት

ጥያቄ፦ የብዙ ብሔረሰቦች እንደራሴዎች ሕግን የሚያጸድቁት በምን ሥርዓት ነው? መብታችንስ በተራ ድምፅ ይሻራልን? (ከእንጭኒ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን ሆይ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት እንደሚደነግገው፣ ቍጥራቸው ከ550 የማይበልጠው የሕዝብ ተወካዮች ከእኩሌታ በላይ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላል፤ ረቂቁም ተመክሮበት በተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ ከጸደቀ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምበት እንኳ ሥራ ላይ ይውላል። በምዕራፍ ሦስት የተጻፉት መብቶች ግን፣ የሰው ልጅ ክብር መሠረት ናቸውና፣ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ፣ የተወካዮች ምክር ቤትና እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሻሻያውን ካላጸደቁት በቀር አይሻሻሉም። አንድ ክልል ብቻ እንኳ ቢቃወም ማሻሻያው ይቀራልና፣ ለክልላችሁ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ የምትመርጡትን ሰው አስተውላችሁ ምረጡ።