የአንገት ሹራብ አሠራር

ድሬዳዋ ተቀምጠን ስለ ብርድ ብናስተምር የሚስቅብን አይጠፋም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ቁልቢ የደረሰ ሰው ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ቆሟል። ከኅዳር እስከ ጥር በማለዳ ከብት የሚያሰማራ እረኛ ብርዱን ያውቀዋል።

አሠራሩ፦

1. ወፍራም ክርና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የሹራብ መርፌዎች አዘጋጁ።
2. 84 ቀለበት ጀምሩ። ቁጥሩ ለ4 የሚካፈል ይሁን።
3. ሁለት በፊት፣ ሁለት በግልባጭ እያላችሁ ጨርሱ። ሥራውን ስታዞሩም እንዲሁ ጀምሩ። እንዲህ የተሠራ ሹራብ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ተመልሶም አንገትን ይይዛል።
4. 22 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አላልታችሁ ዝጉት፤ ሁለቱን ጎን ስፉ።

እኔ የመጀመሪያውን አጥብቄ ዘጋሁትና በእረኛው ልጅ ራስ አላልፍ አለ። ልጁ አመስግኖኝ አንገቱን እንደታቀፈ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልሰጥም።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ሌሊት በዘበኝነት የሚያድር ወይም ደጋ የሚወጣ ማን ነው? የሚያስፈልገውንስ ጠይቀነዋልን?